«አልሰጠኝም» ስንት ቃል ነው? የባህሪ ትንተና፣ ቋንቋና ባህል

አንድ የአራት ዓመት ልጅ ወንድሙን በጣቱ እያሳየ «አልሰጠኝም» ይላል። ንግግሩ የዘገየ ልጅ ስለሆነ አጠገቡ የተቀመጠችው ባለሙያ የሚናገረውን ሁሉ ትመዘግባለች። ቅጹ የሚጠይቃት «ልጁ በአንድ ጊዜ ስንት ቃል አገጣጥሞ ይናገራል?» ብሎ ነው። «አንድ» ብላ ትጽፋለች።

ቅጹ የተሰናዳው ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ነው፤ በእንግሊዝኛ ያው ሐሳብ አምስት ቃል ይፈጃል። በአማርኛው ግን ማን እንዳልሰጠ፣ ለማን እንዳልሰጠ፣ ነገሩ ያለፈ መሆኑና አለመፈጸሙ በአንዲት ቃል ተጠቅልሎ ገብቷል። ልጁ ግስ አርብቷል፣ አፍራሽ አድርጓል፣ ባለቤትንና ተቀባይን ለይቷል። ወረቀቱ ላይ ግን ቃላት ማገጣጠም ያልጀመረ ልጅ ሆነ። በሚቀጥለው ሳምንት የሚወጣለት ግብም «ሁለት ቃል አገጣጥሞ መናገር» ይሆናል።

ታሪኩን ለማብራሪያ ብዬ የፈጠርኩት ነው። የዚህ ዓይነቱ የልኬት ስህተት ግን ፈጠራ አይደለም፤ አካል ጉዳት ላለባቸው ሰዎች በሚሰጠው የባህሪ ትንተና አገልግሎት ውስጥ የቋንቋና የባህል ጥያቄ የሚነሣውም ከዚህ ነው። ጉዳዩ ሲነሣ ብዙ ጊዜ እንደ ጨዋነት ይወራል፦ የቤተሰቡን ባህል አክብሩ፣ ጫማ አውልቁ፣ ሰላምታ አትርሱ። ይህ ጥሩ ነው፤ ግን ዳር ዳሩን መሄድ ነው። የኔ ክርክር ሌላ ነው። ባህልንና ቋንቋን የዘለለ የባህሪ ተንታኝ ከጨዋነት በፊት የገዛ ሙያውን ሕግ ነው የጣሰው፤ የሚለካውን ነገር በትክክል አልለካምና።

ከዚያ በፊት ሙያው ምን እንደሆነ እንይ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የባህሪ ትንተና ሰው የሚያደርገውን ከአካባቢው ጋር አያይዞ የሚያጠና ዘርፍ ነው። መሠረቱን የጣለው አሜሪካዊው ሳይኮሎጂስት ቢ. ኤፍ. ስኪነር ነው። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው፦ ከድርጊቱ በፊት ምን ነበረ? ሰውየው ምን አደረገ? ከዚያስ ምን ተከተለ? የተከተለው ነገር ድርጊቱ ወደፊት እንዲደጋገም ካደረገ «ማጠናከሪያ» ይባላል። ማጠናከሪያና ሽልማት አንድ አይደሉም። ሽልማት ሰጪው «ይህ ጥሩ ነገር ነው» ብሎ የሚሰጠው ነው፤ ማጠናከሪያ ግን የሚታወቀው በተቀባዩ ላይ በታየው ለውጥ ብቻ ነው። ለአንዱ ልጅ ሙገሳ ያበረታዋል፣ ሌላው ሲሞገስ ይሸማቀቃል፤ ለሦስተኛው ደግሞ ቁጣ ራሱ «አየኸኝ አይደል?» ማለት ሆኖ ጥፋቱን ያደልበዋል።

በ1968 ለዚህ ዘርፍ ተግባራዊ ክፍል የተለየ የምርምር መጽሔት ተጀመረ። በመጀመሪያው እትም ላይ ዶናልድ ቤር፣ ሞንትሮስ ዎልፍና ቶድ ሪስሊ ሥራቸው የሚመዘንባቸውን ሰባት መስፈርቶች አስቀመጡ። ከሰባቱ ሁለቱን እንያዝ። አንደኛ፣ የሚሠራበት ባህሪ ለሰውየውና ለማኅበረሰቡ ጠቃሚ ሆኖ የተመረጠ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ለውጡ በጊዜ መጽናትና ከተማረበት ክፍል ወጥቶ ወደ ሌላ ቦታ፣ ወደ ሌላ ሰው መሻገር አለበት። ዛሬ አገልግሎቱን ይበልጥ የሚያገኙት ኦቲዝምና የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ናቸው፤ ሥራውም መግባባትን፣ ልብስ መልበስን፣ መጸዳጃ መጠቀምን ከማስተማር አንሥቶ ራስን መምታትና መንከስን እስከ መቀነስ ይደርሳል።

እንግዲህ «ለማኅበረሰቡ ጠቃሚ» ሲባል የየትኛው ማኅበረሰብ? «ወደ ሌላ ሰው ይሻገር» ሲባል ያ ሰው የሚናገረው ምን ቋንቋ ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ከውጭ የመጡ ወቀሳዎች አይደሉም። ከሙያው መነሻ ጽሑፍ በቀጥታ የሚወጡ ናቸው። ስኪነር ራሱ በ1981 ባሳተመው ጽሑፍ የሰው ባህሪ በሦስት ደረጃ እንደሚቀረጽ ጽፏል፦ በተፈጥሮ ምርጫ፣ ግለሰቡ በሕይወቱ ባየው ውጤት፣ እና በባህል። በዚህ አነጋገር ባህል ማለት ማን፣ መቼ፣ ለየትኛው ድርጊት ምን ምላሽ እንደሚሰጥ የተደራጀበት ሥርዓት ነው። አካባቢን እመረምራለሁ የሚል ሰው ይህን ከዘለለ የመረመረው ምኑን ነው?

እዚህ ላይ ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። በአማርኛ «ባህሪ» የሚለው ቃል የተሸከመው ፍርድ ከባድ ነው። «ባህሪው መጥፎ ነው» ስንል ሰውየውን ነው የምንፈርጀው። በሙያው ግን ባህሪ ማለት ሊታይና ሊቆጠር የሚችል ማንኛውም ድርጊት ነው፤ ማዛጋትም፣ ብርጭቆ ማንሣትም፣ ራስን መምታትም። ስለዚህ አንዲት እናት «ልጅሽ የባህሪ ትንተና ያስፈልገዋል» ስትባል የምትሰማው «ጠባዩ ተበላሽቷል፣ አላሳደግሽውም» ተብሎ ሊሆን ይችላል። «ቅጣት» የሚለውም እንዲሁ ነው። በሙያው ትርጉም አንድን ድርጊት የሚቀንስ ማንኛውም ተከታይ ነገር ነው፤ በእናት ጆሮ ግን አለንጋ ነው። «ማጠናከሪያ»ም ቢሆን ለብዙዎቻችን መጀመሪያ የሚያስታውሰን ከክፍል ሰዓት ውጭ የሚሰጠውን ትምህርት ነው። ቃል በቃል የተረጎመ አስተርጓሚ አልዋሸም፤ መልእክቱ ግን አልደረሰም። እኔ ብጠየቅ ለቤተሰብ ሲነገር «ባህሪ» የሚለውን ትቶ «የሚያደርገው ነገር» ማለት ይሻላል።

ወደ ቋንቋው እንግባ፤ ትልቁ ጉዳይ እዚህ ነውና።

ስኪነር በ1957 ስለ ንግግር ባወጣው መጽሐፍ ንግግርን ከሌላው ድርጊት የለየበት መንገድ ደስ ይላል። ውሃ ራሴ ቀድቼ ብጠጣ ጥማቴን የቆረጠው የገዛ እጄ ነው። «ውሃ» ብዬ ብጠይቅ ግን ውጤቱ የሚመጣው በሌላ ሰው በኩል ነው፤ ያም ሰው ለዚያ ድምፅ ምላሽ መስጠት የለመደ መሆን አለበት። ያልለመደ ሰው ዘንድ «ውሃ» ማለት ዝም ብሎ ድምፅ ነው። ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ነገር ግልጽ ነው፦ አንድን ልጅ መጠየቅ ስታስተምር መጀመሪያ የምታየው በቀኑ ውስጥ ማን እንደሚሰማው ነው። ጠዋት የሚያለብሰው፣ የሚያበላው፣ ማታ የሚያስተኛው ሰው በየትኛው ቋንቋ ይመልስለታል?

አሁን የመጠየቅን ትምህርት በአማርኛ እናስበው። በእንግሊዝኛ «ስጠኝ» አንድ መልክ ብቻ አለው፤ ለወንድ፣ ለሴት፣ ለትልቅ፣ ለትንሽ፣ ለአንድ፣ ለብዙ ያው ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የማስተማሪያ ዕቅድ ልጁ አንዱን ሐረግ ከተማረ በኋላ ለተለያዩ ሰዎች ሳይለውጥ ሲጠቀምበት «ተሳካ፣ ተሻገረ» ይላል። በአማርኛ ስኬቱ ተቃራኒው ነው። ለወንድሙ «ስጠኝ»፣ ለእህቱ «ስጪኝ»፣ ለአያቱ «ይስጡኝ»፣ ለብዙዎች «ስጡኝ» ማለት አለበት። ሳይለውጥ ለሁሉም «ስጠኝ» ያለ ልጅ በቅጹ ላይ መቶ በመቶ አግኝቶ አያቱ ዘንድ ተግሣጽ፣ እህቱ ዘንድ ሣቅ ይጠብቀዋል። ዕቅዱን ቃል በቃል የተረጎመው ሰው ጥሩ ተርጓሚ ሊሆን ይችላል፤ የተረጎመው ግን ስህተት ነው። መፍትሔው የተወሳሰበ አይደለም። መጀመሪያ የነገሩን ስም ብቻ፣ ቀጥሎ ልጁ አብዛኛውን ቀን አብሮት ለሚውለው ሰው የሚሆነውን መልክ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ሰው አጠገቡ አስቀምጦ ልዩነቱን ማስተማር። ይህን ግን ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ነው የሚያቅደው።

በሌላ አገር የሚኖሩ ቤተሰቦች የሚሰሙት ሌላ ምክር አለ፦ «ልጁ ችግር ስላለበት ሁለት ቋንቋ ያደናግረዋል፤ ቤት ውስጥም በትምህርት ቤቱ ቋንቋ ብቻ አናግሩት»። ምክሩ ለዘመናት በቅን ልቡና ሲሰጥ ኖሯል። ምርምሩ ግን አይደግፈውም። በ2005 የወጣ የካናዳ ጥናት ዳውን ሲንድረም ያለባቸውን ሁለት ቋንቋ የሚሰሙ ልጆች በተመሳሳይ የእድገት ደረጃ ካሉ፣ ያው ሲንድረም ካለባቸውና አንድ ቋንቋ ብቻ ከሚሰሙ ልጆች ጋር አነጻጽሮ በእንግሊዝኛቸው ወደ ኋላ እንዳልቀሩ አሳይቷል። ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ሁለተኛ ቋንቋ መስማት ተጨማሪ መዘግየት እንደሚያመጣ አላገኙም። ጉዳቱ የሚገኘው በምክሩ በኩል ነው። እናት በደንብ በማታውቀው ቋንቋ ልጇን ስታናግር ንግግሯ ያጥራል፤ ቀልዱ ይጠፋል፣ እሹሩሩው ይጠፋል፣ የሚቀረው «ና»፣ «ተቀመጥ»፣ «ተው» ነው። ንግግሩ ለዘገየ ልጅ የሚሰማውን ቋንቋ ማሳነስ መድኃኒት ሊሆን አይችልም። ቤተሰቡ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲያወራም ልጁ እንግዳ ሆኖ ይቀመጣል።

የማስተማሪያው ቋንቋ ራሱ ባህሪን ይቀይራል። በ2011 የታተመ የራስል ላንግና ባልደረቦቹ ጥናት ቤቱ ስፓኒሽ የሚነገርበትን ኦቲዝም ያለበት ሕፃን አንዳንዴ በእንግሊዝኛ፣ አንዳንዴ በስፓኒሽ እያፈራረቀ አስተማረ። በስፓኒሽ ሲሆን ትክክለኛ መልሶች በዙ፣ አስቸጋሪው ባህሪም ቀነሰ። አንድ ሕፃን ብቻ ነው፤ ለሁሉም ልጅ ሕግ አይሆንም። ግን ዘዴው ለማንም ልጅ ይሠራል። የባህሪ ትንተና ከብዙ ሰው አማካይ ይልቅ አንዱን ሰው ከራሱ ጋር ማነጻጸር የለመደ ዘርፍ ነው፤ ሁኔታ ሀ፣ ሁኔታ ለ፣ እንደገና ሀ፣ እንደገና ለ። «ለዚህ ልጅ የትኛው ቋንቋ ይሻላል?» የሚለውን ለመመለስ ትልቅ ምርምር መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ካለ በጥቂት ሳምንታት ፍንጭ ይገኛል። እንዲህ ያለ መሣሪያ በእጃቸው ይዘው በስሜት የሚመክሩ ባለሙያዎች ይገርሙኛል።

ሰው በማያውቀው ቋንቋ ተለክቶ መመደብ የቆየ ታሪክ አለው። በካሊፎርኒያ ስፓኒሽ ተናጋሪ የሆኑ ዘጠኝ ልጆች በእንግሊዝኛ በተሰጠ የአእምሮ ችሎታ ፈተና የአእምሮ ውስንነት ላለባቸው ወደ ተለየ ክፍል ተመደቡ። በስፓኒሽ እንደገና ሲፈተኑ ውጤታቸው በጉልህ ከፍ አለ። በዲያና ስም የሚታወቀው ይህ ክስ በ1970 በስምምነት ተቋጨ፤ ልጆች በቤት ቋንቋቸው እንዲፈተኑ ተወሰነ። በ1975 የወጣው የአሜሪካ ልዩ ትምህርት ሕግም ይህንኑ መርሕ ያዘ። ሕጉ ግን ፈተናውን እንጂ መንፈሱን ሁልጊዜ አይለውጥም። የተተረጎመ ፈተና የትርጉም ቋንቋውን ሰዋስው ካልለካ ያው «አልሰጠኝም» አንድ ቃል ሆኖ ይቆጠራል።

አስቸጋሪ ባህሪ ላይ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ባለሙያው መጀመሪያ የሚያደርገው «ይህ ድርጊት ለልጁ ምን ያስገኝለታል?» ብሎ መመርመር ነው። ብራያን ኢዋታና ባልደረቦቹ በ1982 ባሳተሙት ሥራ ይህን በሙከራ የሚያሳይ ዘዴ አቀረቡ፦ ልጁ ራሱን ሲመታ ሰው ትኩረት ሲሰጠው፣ ሥራ ሲታዘዝ፣ ብቻውን ሲሆን፣ በነጻ ሲጫወት እያዩ በየትኛው ሁኔታ ድርጊቱ እንደሚበዛ ማነጻጸር። ዘዴው ብዙ ሰው ጠቅሟል። ግን አስቡት፤ ልጁ በማያውቀው ቋንቋ ሥራ ታዘዘ፣ ራሱን መታ፣ ሥራው ቀረለት። መዝገቡ «ከሥራ ለመሸሽ» ይላል። እውነት ነው፤ ሸሽቷል። የሸሸው ግን ከሥራው ነው ወይስ ካልገባው ንግግር? መልሱ ሕክምናውን ይቀይረዋል። የመጀመሪያው ከሆነ ሥራውን ከፋፍሎ ማቅለል፣ ዕረፍት መጠየቅን ማስተማር ይሆናል። ሁለተኛው ከሆነ የሚያዝዘውን ሰው ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ በሚናገር ሰው መቀየር ብቻ ሊበቃ ይችላል።

ትኩረትም ቋንቋ አለው። «ተው፣ ትጎዳለህ» የሚለው ማባበል ትኩረት የሚሆነው ልጁ ከለመደው ሰው፣ በለመደው ድምፅና ቃል ሲመጣ ነው። ባልለመደው መንገድ ሰጥቶ «ትኩረት አይፈልግም» ብሎ መደምደም፣ ሰው የማያውቀውን ገንዘብ አሳይቶ «ገንዘብ አይወድም» እንደ ማለት ነው።

ከዚያ ደግሞ ምትክ መግባቢያ ማስተማር ይመጣል። ኤድዋርድ ካርና ማርክ ዱራንድ በ1985 እንዳሳዩት አስቸጋሪው ድርጊት የሚያስገኘውን ያንኑ ነገር በንግግር ወይም በምልክት ማግኘት የተማረ ልጅ አስቸጋሪውን ይተዋል። ቅድመ ሁኔታው ግን ሰሚው የሚረዳው መሆኑ ነው። ልጁ በክፍሉ ቋንቋ «ዕረፍት» ማለት ተማረ፤ ቤት ሄዶ ደጋግሞ አለው፤ ቋንቋውን የማታውቀው አያቱ ዝም አለች። ምላሽ ያጣ ባህሪ ይጠፋል፤ ይህ የሙያው መሠረታዊ ሕግ ነው። አዲሱ ቃል ጠፋ፣ አሮጌው ጩኸት ተመለሰ፤ ባለሙያው በስብሰባ ላይ «ቤተሰቡ አይተባበርም» አለ።

ቤተሰቡን ስለማነጋገር ካነሣን፣ ታላቅ እህት ወይም ወንድም አስተርጓሚ መሆን የለበትም። የ12 ዓመት ልጅ የወንድሟን የመጸዳጃ ችግር፣ የእናቷን ለቅሶ፣ የባለሙያውን ቴክኒካዊ ቃላት በአንድ ጊዜ መሸከም አትችልም፤ እናትም በልጇ ፊት የማትናገረው አለ። የሠለጠነ አስተርጓሚ ካለ ከስብሰባው በፊት አሥር ደቂቃ ተቀምጦ ቃላቱን ማስረዳት ከስብሰባው ግማሽ ይበልጣል። ጥያቄውም «ገብቶሻል?» መሆን የለበትም፤ ለዚህ ሁሉም ሰው «አዎ» ይላል። «ነገ ጠዋት ምን ታደርጊያለሽ? አሳዪኝ» ይሻላል።

ግብ የማውጣቱ ነገር ሌላው ሰፊ ሜዳ ነው። ሞንትሮስ ዎልፍ በ1978 ዘርፉ ስለ ራሱ ሊጠይቅ የሚገባውን ሦስት ጥያቄ አቀረበ፦ ግቡ ሰዎቹ የሚፈልጉት ነው? መንገዱ የሚቀበሉት ነው? በውጤቱስ ረክተዋል? ጥያቄዎቹን የሚመልሱት አገልግሎቱን የሚያገኙትና አብረዋቸው የሚኖሩት ናቸው እንጂ ባለሙያው አይደለም። ቁጥር ብቻ የሚያምን ዘርፍ «ወደዳችሁት?» ብሎ መጠየቅ ሲጀምር ለዘመኑ ትልቅ እርምጃ ነበር።

ዝግጁ የሆኑ የክህሎት ዝርዝሮች ግን ዎልፍን አይጠብቁም። «ብቻውን ይበላል»፣ «በራሱ ክፍል ይተኛል»፣ «ከአዋቂ ጋር ወሬ ይጀምራል» የሚሉ ግቦች ራስን መቻልን ከሁሉ በላይ ከሚያስቀምጥ አመለካከት የወጡ ናቸው። ሕፃን ከወላጁ ጋር መተኛቱ ያለ ነገር ነው በሚባልበት፣ ማጉረስ ፍቅር በሆነበት፣ ልጅ አዋቂ ሲናገር ማዳመጥ በሚጠበቅበት ቤት እነዚህ ጉድለት አይደሉም። ይህን ስል ራስን መቻል አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። አካል ጉዳት ያለበት ሰው ዕድሜ ልኩን ጎራሽ ሆኖ መቅረቱ፣ በተለይ የሚያጎርሰው ሰው ሲያልፍ፣ ብርቱ ጥያቄ ነው። ክርክሩ መደረግ ያለበት ግን ከቤተሰቡ ጋር በግልጽ ነው፤ በዝርዝር ውስጥ ተደብቆ መምጣት የለበትም።

ዓይን ለዓይን መተያየት የታወቀው ምሳሌ ነው። ለረጅም ጊዜ የብዙ መርሐ ግብሮች የመጀመሪያ ትምህርት «እየኝ» የሚል ነበር። ልጅ የትልቅ ሰው ዓይን ላይ ማፍጠጡ ድፍረት የሆነባቸው ማኅበረሰቦች ብዙ ናቸው። ከዚህ የተለየ ተቃውሞ ደግሞ ኦቲዝም ካለባቸው አዋቂዎች መጣ፦ ዓይን ማየት ያሳምመናል፣ እያየን መስማት አንችልም ይላሉ። ሁለቱ ተቃውሞዎች ከተለያየ በር ገብተው አንድ ቦታ ተገናኙ። ባለሙያው በእርግጥ የሚፈልገው ልጁ ማዳመጡን ማወቅ ከሆነ፣ ዞር ማለቱን ወይም መመለሱን ይለካ።

ኦቲዝም ካለባቸው አዋቂዎች የመጣው ወቀሳ ከዚህም ይሰፋል፤ የባህል ጥያቄም ነው። ኢቫር ሎቫስ በ1987 ባሳተመው ታዋቂ ጥናት በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ከሠለጠኑት 19 ሕፃናት ዘጠኙ «መደበኛ» የሚባለው ደረጃ ደረሱ ብሏል። ጥናቱ ለብዙ ቤተሰቦች ተስፋ ሆነ፣ በአሠራሩም ብዙ ተተቸ፤ ያኔ ቅጣትም የዘዴው አካል ነበር። ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የሚያቆመኝ መለኪያው ነው። «መደበኛ» ማለት የማን ልጅ ነው? ከእኩዮቹ እንዳይለይ ማድረግ ግብ ከሆነ፣ እኩዮቹ የተባሉት የአንድ አገር፣ የአንድ መደብ፣ የአንድ ቋንቋ ልጆች መሆናቸው አይቀርም። የሙያው ዓለም አቀፍ ማኅበር በ2022 በኤሌክትሪክ ንዝረት መቅጣትን በግልጽ ተቃውሟል፤ የ«መደበኛ»ው ጥያቄ ግን በአንድ ውሳኔ የሚዘጋ አይደለም።

ማጠናከሪያ ስለ መምረጥ አጭር ነገር ልጨምርና ልለፍ። ለልጆች የሚሰጡ ብዙ ለስላሳ ከረሜላዎች ጄላቲን አለባቸው፤ ጄላቲን ደግሞ ከአሳማ የሚሠራም አለ። ሙስሊም ወይም አይሁዳዊ ቤተሰብ ይህን ከልጁ ኪስ ሲያገኝ የሚሰማውን መገመት አያስቸግርም። አንድ ጥያቄ አስቀድሞ መጠየቅ ይበቃ ነበር።

መናገር ለማይችሉ ሰዎች በሥዕል ወይም በድምፅ አውጪ መሣሪያ መግባባትም ከቋንቋ ነጻ ይመስላል፤ አይደለም። የሥዕል ካርድ መለዋወጥን የሚያስተምረው የታወቀ ዘዴ በ1985 በአሜሪካ ተሠራ፤ ሥዕሎቹ ላይ ያለው ቤት፣ ልብስና አልጋ የሠሪዎቹ ነው። አረፍተ ነገር የሚደረደረው ከግራ ወደ ቀኝ ነው፤ ዓረብኛ ለሚያነብ ቤተሰብ ይገለበጣል። ድምፅ አውጪው ግስ የማያረባ ከሆነ የአማርኛ ተጠቃሚው «ስጠኝ»ን ለአያቱ ሲያሰማ ጥፋቱ የመሣሪያው ቢሆንም የሚያፍረው እሱ ነው። የምልክት ቋንቋም አንድ ዓለም አቀፍ ቋንቋ አይደለም። አሜሪካና ብሪታንያ እንግሊዝኛን ይጋራሉ፤ የምልክት ቋንቋዎቻቸው ግን አይግባቡም። በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 30 የምልክት ቋንቋዎችንና መስማት የተሳናቸውን ባህል ጨምሮ የአካል ጉዳተኞች የባህልና የቋንቋ ማንነት እንዲታወቅና እንዲደገፍ ይደነግጋል።

ሙያውም ደንብ አውጥቷል። በ1998 የተቋቋመው የባህሪ ተንታኞች ምስክር ወረቀት ሰጪ ቦርድ ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የሥነ ምግባር ደንብ ተንታኞች ስለ ባህል ብዝኃነት እንዲማሩና የራሳቸውን ዝንባሌ እንዲመረምሩ ያዝዛል፤ ለተገልጋዩ በሚገባው ቋንቋ መናገርና መረዳቱን ማረጋገጥም ግዴታ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ግን ይኸው ቦርድ አዲስ አመልካቾችን መቀበሉን በጥቂት አገሮች ወሰነ። የቀረው ዓለም የራሱን ምስክር ወረቀትና ደንብ እንዲያወጣ ተገፋ ማለት ነው። ሸክም ነው፤ ግን በየቋንቋው ቃላት የመፍጠሪያ አጋጣሚም ሊሆን ይችላል።

አንድ አደጋ አለ፤ ሁሉን ነገር «ባህላቸው ነው» ብሎ ማለፍ። ባለሙያው ስለ አንድ ሕዝብ ሁለት ገጽ አንብቦ ሲመጣ ከማያነበው ይብስ ሊሆን ይችላል፤ ያገኘው ቤተሰብ ያነበበውን አይመስልምና። በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ አባት የሚፈልገውና እናት የምትፈልገው፣ ልጁ ራሱ የሚፈልገው ይለያያል። በ1998 ሐኪሞቹ ሜላኒ ተርቫሎንና ጃን መሪ ጋርሲያ «የባህል ብቃት» በሚለው ፋንታ «የባህል ትሕትና»ን ያቀረቡት ለዚህ ነበር፦ ባህል ተምሮ የሚጨረስ ትምህርት አይደለም፣ ራስን ደጋግሞ መጠየቅ ነው። በሌላ በኩል ልጅን መምታት ወይም አስሮ ማስቀመጥ «ባህል» ስለተባለ አይጸድቅም። ባለሙያው መከላከል አለበት፤ ሲከላከልም ወላጁን ሳያዋርድ፣ የሚሠራ ሌላ መንገድ በእጁ ይዞ።

አገልግሎት የምትጀምሩ ቤተሰቦች ከመጀመሪያው ስብሰባ ላይ አንድ ነገር ጠይቁ፦ የመመዝገቢያውን ቅጽ እንዲያሳዩአችሁ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ድርጊቱ፣ የተከተለው ነገር ይኖረዋል። «በየትኛው ቋንቋ ታዘዘ? በየትኛው መለሰ?» የሚል ዓምድ ከሌለው በእርሳስ መሥመር አስምራችሁ ጨምሩበት።